ሥራው ያው፣ ልፋቱ ግን ያነሰ፦ ለቤትና ለቢሮ ሥራ የሚሆን መመሪያ

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ውሃ በፈረቃ የምትመጣበትን ቀን ማስረዳት አያስፈልግም። ሊፍት የለም። ጄሪካኑ 20 ሊትር ነው፣ ማለትም 20 ኪሎ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሦስተኛው ላይ ጣት ይቃጠላል። አራተኛው ላይ «በቃ፣ የቀረውን ነገ» ይባላል፤ የተረፉት ጄሪካኖች ታች ጥበቃው ዘንድ ያድራሉ።

ያ ሰው ያቆመው ጉልበቱ አልቆ ነው? ብዙ ጊዜ አይደለም። ያቆመው ሥራው ስለከበደው ነው። ሁለቱ ይለያያሉ።

ልዩነቱን ጥሩ አድርጎ ያሳየ አንድ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሳሙኤሌ ማርኮራ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪና ባልደረባው የራግቢ ተጫዋቾችን በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ አስቀመጡ። ተጫዋቾቹ በአማካይ በ242 ዋት ኃይል እስኪያቅታቸው ድረስ ፔዳል መቱ። «አልቻልንም» ብለው ባቆሙበት ቅጽበት፣ ለ5 ሴኮንድ ብቻ ያላቸውን ኃይል ሁሉ እንዲያወጡ ተነገራቸው። በአማካይ 731 ዋት አወጡ። አልችለውም ካሉት ሦስት እጥፍ ማለት ነው! እግራቸው ውስጥ ኃይል ነበረ። ያስቆማቸው ልፋቱ የተሰማቸው መጠን ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር «ጠንክሩ» የሚል አይደለም። ሥራው ሳይቀንስ የሚሰማችሁን ልፋት እንዴት እንደምትቀንሱ ነው። ልፋቱ ሲቀንስ ሰው ረዘም አድርጎ ይሠራል፣ በጥራት ይሠራል፣ ነገም ያንኑ ሥራ ለመጀመር አያንገራግርም።

1. ልፋቱን ቁጥር ስጡት

ጉናር ቦርግ የሚባል ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ ቀላል መለኪያ ሠራ። ከ6 ይጀምራል፣ በ20 ያበቃል። 6 ማለት ምንም ልፋት የለም፣ ቁጭ ብላችኋል። 11 ቀላል ነው። 13 ትንሽ ከበድ ይላል። 15 ከባድ፣ 17 በጣም ከባድ ነው። 20 ከዚህ በላይ አይቻልም። ለምን ከ6 ተጀመረ ካላችሁ፣ ቁጥሩ በ10 ሲባዛ የጤነኛ ወጣትን የልብ ምት በግምት እንዲሰጥ ተብሎ ነው። 15 ያለ ሰው ልቡ በደቂቃ 150 አካባቢ ትመታለች እንደማለት።

እናንተ የልብ ምት መቁጠር አይጠበቅባችሁም። ለአንድ ሳምንት ያህል የሚያስመርሯችሁን ሥራዎች ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ አጠገባቸው ቁጥር አድርጉ። ልብስ ማጠብ 15። ደረጃ በጄሪካን 17። የወር ሪፖርት 14። ሽንኩርት መክተፍ 12። ለጭንቅላት ሥራም ይሠራል። ቁጥሩን ሥራው መሀል ላይ ሳላችሁ ስጡ። ካለቀ በኋላ ከሆነ ሻወሩና ሻዩ ያስረሳችኋል። ከሥራው በፊት ምን ስታደርጉ እንደነበርም አንድ ቃል ጣል አድርጉ፤ «ታክሲ ሰልፍ»፣ «ስብሰባ»፣ «እንቅልፍ»። ይህቺ ቃል በኋላ ትጠቅማለች።

ሳምንቱ ሲያልቅ ከፍተኛ ቁጥር ያላቸውንና ደጋግመው የሚመጡትን ሁለት ሥራዎች ብቻ ምረጡ። ሁሉን በአንዴ ላስተካክል ያለ ሰው ማስተካከሉ ራሱ 17 ይሆንበታል።

2. ሥራውን ወደ ወገባችሁ አምጡት

ከሁሉም ምክር ይሄ ይበልጥብኛል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ውጤቱም በዚያው ቀን ይታያል።

ፍራንክ ጊልብሬዝ የሚባል አሜሪካዊ ሥራ የጀመረው በግንበኝነት ነበር። አንድ ነገር አስተዋለ፦ ግንበኛው ለእያንዳንዱ ጡብ እስከ መሬት ያጎነብሳል። ጡቧ ጥቂት ኪሎ ናት። እሷን ለማንሳት ግን ሰውየው የገዛ ደረቱን፣ ትከሻውንና ጭንቅላቱን አብሮ ያነሳል። ቀኑን ሙሉ የሚያደክመው የራሱ ሰውነት ነው! ጊልብሬዝ ጡቡም ሆነ ጭቃው ወገብ ድረስ ከፍ የሚልበት መቆሚያ ሠራ። አንድ ጡብ ለማስቀመጥ ይደረጉ ከነበሩት 18 እንቅስቃሴዎች ወደ 5 ገደማ ቀሩ። በሰዓት 120 ጡብ ይገነባ በነበረበት ቦታ 350 መገንባት ተቻለ። ግንበኞቹ ጉልበት አልጨመሩም። ማጎንበሱ ቀረላቸው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

ልብስ ማጠቢያው ሳፋ የት ነው? መሬት ላይ። አጣቢዋ ወይም አጣቢው ጎንበስ ብሎ፣ ወይም ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ይፈትጋል። ወገብ የሚቆረጠው ከዚያ ነው። ሳፋውን ሁለት ብሎኬት ደርድራችሁ ወይም ጠንካራ ጠረጴዛ አግኝታችሁ እጃችሁ ክርናችሁ ላይ ብቻ ታጥፎ የሚደርስበት ከፍታ ላይ አድርጉት። ማለቅለቂያውን ሁለተኛ ሳፋ ጎኑ አስቀምጡ፣ ከፍታው እኩል ይሁን። የሚሰጣውን ልብስ መሬት ያለ ባልዲ ውስጥ አትጨምሩ፤ ወንበር ላይ ያለ ባልዲ ውስጥ ጨምሩ። መቆንጠጫውን አንገታችሁ ላይ በሚንጠለጠል ከረጢት ያዙት። ልብሱን ከማጠብ በፊት በኦሞ ዘፍዝፋችሁ ብትተዉት ደግሞ ግማሹን ፍትጊያ ውሃው ይሠራላችኋል። ጂንስ ለብቻው ይዘፍዘፍ፤ ጂንስ የሚያጥብ ሰው ምን እንደምል ያውቃል።

እንጀራ ጋገራም እንዲሁ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ብዙ ቤት ውስጥ ከፍ ብሏል፣ የሊጡ ባልዲ ግን አሁንም መሬት ላይ ነው። ለእያንዳንዱ እንጀራ አንዴ ለመቅዳት፣ አንዴ ማሰሻውን ለማንሳት ይጎነበሳል። 30 እንጀራ የምትጋግር ሴት 60 ጊዜ አጎነበሰች ማለት ነው። ባልዲውን በቀኝ በኩል በርጩማ ላይ፣ ሰፌዱን በግራ በኩል በእኩል ከፍታ አስቀምጡ። ማሰሻው ከምጣዱ አጠገብ ሚስማር ላይ ይሰቀል። እግራችሁ ሳይነቃነቅ፣ እጃችሁ ብቻ ከቀኝ ወደ ግራ ይሂድ።

ሽንኩርት ላይ ጠላታችሁ የደነዘ ቢላ ነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት በደነዘ ቢላ የከተፈ ሰው እያለቀሰ ያለው በሽንኩርቱ ብቻ አይደለም። ቢላውን አስሉት። መክተፊያው እንዳይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ ከሥሩ አንጥፉ፤ እየተንሸራተተ ያለ መክተፊያ ላይ አንዱ እጃችሁ ዘብ ጠባቂ ሆኖ ይውላል።

ጄሪካኑስ? አንድ 20 ሊትር በአንድ እጅ ከመያዝ ሁለት 10 ሊትር በሁለት እጅ ይሻላል። ክብደቱ ያው ነው፣ ግን አንድ ወገን ብቻ ሲጎተት ሰውነት እንዳይጋደል የሚታገልበት ጉልበት ይተርፋል። መያዣው ላይ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ብዙ ሰው የሚያቆመው እግሩ ዝሎ ሳይሆን ጣቱ ተቆርጦበት ነው። ጀርባ ላይ መሸከም የሚቻል ከሆነ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። እናቶቻችን እንስራ ጀርባቸው ላይ አጥብቀው የሚያዝሉት ያለ ነገር አይደለም። ሸክም ለሰውነት በቀረበ ቁጥር ይቀላል።

3. ሳይደክማችሁ እረፉ

ደረጃ ላይ አብዛኛው ሰው እስኪያቅተው ይወጣና ያርፋል። እስከ 18 ደርሶ ያረፈ ሰው ግን ለመመለስ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፣ የሚቀጥለውን ዙር ደግሞ ገና ሳይጀምር ይጠላዋል። ደንቡ ይሄ ነው፦ ቁጥሩ 15 ሲደርስ አቁሙ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ገና «መቀጠል እችላለሁ» በምትሉበት ሰዓት ጄሪካኑን አስቀምጡ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆማችሁ ተንፍሱ፣ ከዚያ ቀጥሉ። አረማመዳችሁም ማውራት የሚያስችላችሁ ይሁን። ጎረቤት «እንዴት አደርሽ» ሲላችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መመለስ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

ከውጭ ለእረፍት የመጣችሁ ደግሞ ከቁጥሩ ላይ ትንሽ ቀንሱለት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ነው። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ላይ 11 የነበረ ደረጃ ቦሌ ላይ 14 ቢሆን የአየሩ ነገር ነው። አርጅቼ ነው ብላችሁ አትደንግጡ።

4. ከባዱን ሥራ ጭንቅላታችሁ ሳይዝል አስቀድሙት

በቁጥሩ አጠገብ የጻፋችኋት ቃል እዚህ ጋ ትመጣለች።

ያው ማርኮራ እ.ኤ.አ. በ2009 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ሌላ ጥናት አለ። 16 ሰዎች ለ90 ደቂቃ ትኩረት የሚጨርስ የኮምፒውተር ሥራ ሠሩ። በሌላ ቀን ደግሞ ያንኑ ያህል ጊዜ ዘና ብለው ዘጋቢ ፊልም አዩ። ከሁለቱም በኋላ ብስክሌት ላይ ወጥተው እስኪያቅታቸው ነዱ። ፊልም ባዩበት ቀን በአማካይ 754 ሴኮንድ ቆዩ፣ ጭንቅላታቸው በዛለበት ቀን 640። ልባቸውም ጡንቻቸውም ያን ያህል ልዩነት የሚያመጣ ለውጥ አላሳዩም። የተለወጠው ልፋቱ ነው። ገና ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ከፍ ብሎ ተሰማቸው።

ከቢሮ ተመልሳችሁ፣ ታክሲ ሰልፍ ቆማችሁ፣ በመንገዱ ተናዳችሁ ቤት ስትገቡ ዕቃ ማጠብ ተራራ የሚሆንባችሁ ለዚህ ነው። ክንዳችሁ ቀኑን ሙሉ ምንም አልሠራም። ጭንቅላታችሁ ግን አልቋል፤ የዛለ ጭንቅላት ደግሞ ሁሉንም ሥራ አክብዶ ያያል።

ስለዚህ፦ ጉልበትና ትዕግሥት የሚጠይቀውን የቤት ሥራ ከተቻለ ጠዋት፣ ስልክ ሳትከፍቱ አድርጉት። ካልተቻለ በመሀል እረፍት ይግባ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሶፋ ላይ ተጋድሞ ቲክቶክ ማገላበጥ ለሰውነት እንጂ ለጭንቅላት እረፍት አይደለም። ዓይን ያያል፣ ጭንቅላት ይመርጣል፣ ይፈርዳል፣ ይናደዳል። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡ፤ ሩብ ሰዓት በረንዳ ላይ መቀመጥ ወይም ጋደም ማለት ይበልጣል። ፈተና ያለበት ተማሪም ቢሆን ከባዱን ትምህርት አስቀድሞ ያጥና፣ ማስታወሻ መገልበጡን ወደ ኋላ ይተው።

ሰው ፊት ክርክር ያለበትን ነገር፣ የቤት ኪራይ ድርድርም ይሁን የቤተሰብ ጉዳይ፣ ከከባድ ሥራ በፊት ባታደርጉት እመርጣለሁ። ይሄ የኔ አስተያየት ነው።

5. ፊታችሁን ፍቱት፣ ለራሳችሁ አውሩ

ከባድ ነገር የሚያነሳን ሰው ፊት እዩ። ቅንድቡ ተኮሳትሯል፣ ጥርሱ ተነክሷል። ግንባሩ አይሸከም፣ ግን ይለፋል። ፊት የልፋት መስታወት ነው፤ ደስ የሚለው ነገር ወደ ኋላም የሚሠራ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት 24 ሯጮች ፈገግ ብለውም ተኮሳትረውም ሮጡ። ፈገግ ሲሉ ከተኮሳተሩበት ጊዜ 2.8 በመቶ ያነሰ ጉልበት ፈጀባቸው፣ ልፋቱም ቀለላቸው። ኬንያዊው ኤሊውድ ኪፕቾጌ እ.ኤ.አ. በ2019 ቪየና ላይ ማራቶንን በ1፡59፡40 ሲጨርስ ፊቱን ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ሲከብደው ሆን ብሎ ፈገግ ይላል።

ደረጃ ላይ ብቻችሁን ፈገግ ማለት ካሳፈራችሁ ግንባራችሁንና መንጋጋችሁን ብቻ ፍቱት። ትከሻ ከጆሮ ይራቅ። ብዕር ወይም ማውስ የያዘ እጅም እንደዚሁ ነው፤ ብዙ ሰው ብዕሩን እንደሚያመልጥ ዶሮ ጨብጦ ይጽፋል፣ ከዚያ «እጄ ደከመ» ይላል።

ቀጥሎ ለራስ ማውራት። በሌላ ጥናት ለሁለት ሳምንት ያህል ለራሳቸው አበረታች ቃል መናገር የተለማመዱ ሰዎች ብስክሌት ላይ የሚቆዩበት ጊዜ 18 በመቶ ጨመረ። የሚሰማቸው ልፋትም ቀነሰ። እኛ ቃሉ ሞልቶናል፤ ሌላ ሰው ላይ ነው የምናባክነው። «አይዞህ»፣ «በርቺ»፣ «ደረስሽ እኮ»፣ «ይቺን ብቻ»። አራት አጫጭር ሐረጎች ምረጡ። ሁለቱ ለመሀል ይሁኑ፣ ሁለቱ ለመጨረሻው። «አይዞኝ» ከማለት «አይዞህ» ብላችሁ ራሳችሁን እንደ ሌላ ሰው አናግሩ፤ ብስክሌተኞች ላይ በተሠራ ሙከራ «አንተ» እያሉ ለራሳቸው ያወሩት «እኔ» ካሉበት ጊዜ ፈጥነዋል። ጮክ ማለት አያስፈልግም። ጎረቤት አለ።

6. ዘፈንና ሰው

ዘፈን ቀላልና መካከለኛ ሥራ ላይ የሚሰማንን ልፋት ወደ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሥራው በጣም ሲከብድ ግን ጆሮ አይሰማም፤ የትንፋሽ ድምፅ ይውጠዋል። ስለዚህ ለልብስ፣ ለዕቃ፣ ለቤት ማጽዳት ጥሩ ነው። ፍጥነቱ ከእጃችሁ እንቅስቃሴ ጋር የሚሄድ ይሁን። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1998 በርሚንግሃም ላይ የቤት ውስጥ 2000 ሜትር ክብረ ወሰን ሲሰብር የሚወደው ዘፈን በስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ ይለቀቅ ነበር። እግሩን በምቱ ላይ ነበር የሚጥለው። ለማንበብና ለመጻፍ ግን ግጥም ያለው ዘፈን ይቅርባችሁ፤ ቃሉ ከምታነቡት ቃል ጋር ይጣላል።

ገበሬው ይህን ከማናችንም በፊት ያውቀዋል። ደቦ ወጥቶ ሲያጭድ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ማጭዱ በዜማው ይሄዳል። ወፍጮ ላይ የምትፈጭ ሴትም እንጉርጉሮዋ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ውሃ የሚመጣበት ቀን ለሁሉም አንድ ከሆነ፣ ከሁለት ጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ በየፎቁ እየተቀባበላችሁ አውጡት። አንድ ሰው አንድ ፎቅ ብቻ ይመላለሳል፤ ወሬውም አለ።

7. ቡና በሰዓቱ

ካፌይን አዴኖሲን የሚባለውን፣ ጭንቅላትን «ደክሞሃል» የሚለውን ንጥረ ነገር መንገድ ይዘጋል። ከበርካታ ጥናቶች በተሰበሰበ ግምት የሚሰማን ልፋት ወደ 6 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ቡናውን ከከባዱ ሥራ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ጠጡ። አቦሉ ይበቃል። ከጠጣችሁት ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነት ውስጥ ስለሚገኝ፣ በ11 ሰዓት የተጠጣ ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ነቅቶ ይጠብቃችኋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ ሁሉም ቁጥር ከፍ ይልበታል፤ ትርፉ ኪሳራ ይሆናል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪም ጋር ይነጋገርበት።

8. መነሻዋን አሳጥሩ

አንዳንድ ሥራ የሚከብደው ሳይጀመር ነው። ማታ ሳትተኙ ጄሪካኑን በር ላይ፣ ሳፋውን ብሎኬቱ ላይ፣ ሪፖርቱን ኮምፒውተሩ ላይ ክፍት አድርጋችሁ ተዉት። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሆን ብላችሁ ሳትጨርሱት ብትተዉ በማግስቱ ከየት ልጀምር አትሉም። ሰዓቱንም ከሌላ ነገር ጋር እሰሩት፦ «ልጁን ትምህርት ቤት አድርሼ እንደገባሁ ዕቃውን አጥባለሁ»። «ዛሬ አጥባለሁ» ከሚለው ይልቅ ይሄኛው ይፈጸማል።

9. ቁጥሩ አልወርድ ሲል

ከሁለት ሳምንት በኋላ እነዚያን ሁለት ሥራዎች እንደገና ቁጥር ስጧቸው። 17 የነበረው 14 ከሆነ ያደረጋችሁትን ቀጥሉ። ያልቀነሰላችሁን ዘዴ ያለ ጸጸት ተዉት፤ ለጎረቤት የሠራ ለእናንተ ላይሠራ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ለይታችሁ እዩ። ልፋት አንዳንዴ እውነተኛ መልእክት ነው። ደረትን የመጫን ስሜት፣ ማዞር፣ ያለ ልክ የትንፋሽ ማጠር ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከመጣ ፈገግታም ዘፈንም አያስፈልግም። ሥራውን አቁሙ፣ ሕክምና ሂዱ። ሌላው ዓይነት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ ብቻውን እየወጣ ይሄዳል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ስኳር፣ ድብርት፣ ሁሉም ቀላሉን ሥራ ከባድ ያደርጉታል፤ ሰው ግን «ሰነፍኩ» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ይደክመኛል» ብቻ አትበሉ። ይሄንን ከሁሉም በሽተኛ ይሰማዋል። «ባዶ እጄን የምወጣው ደረጃ ከሁለት ወር በፊት 11 ነበር፣ አሁን 15 ሆኗል፤ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም» በሉት። ስልካችሁ ላይ የጻፋችሁትንም አሳዩት።